ሊብሬውና ብረቱ

ሊብሬው «ሁለት ኤል» ይላል፣ ማኅተም አርፎበት፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ብረቱ ግን ዝም ብሏል፣ ግሪስ ተከናንቦ፣ የጠየቀው የለም።

ከወንጂ ስመለስ፣ ሽንኩርት እንደጫንኩኝ፣ በቀትሩ ሐሩር፣
መርፌዋ ቀይ ነካች፤ ከኮፈኑ በታች ውሃው ጀመረ ሊያንጎራጉር።
በሲኖትራክ ገመድ እየተጎተትን ፍራንኮን ስናልፍ፣
ባጃጅ ከኋላችን ጥሩምባ ይነፋል፣ ተኮልኩሎ እንደ ሰልፍ።
የአዳማ ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ፊቴን ሸፈነው፤
«ሴትዮዋ ቆመች!» አለ ጋሪ ነጂው፤ ፈረሱ ብቻ ነው ለኔ ያዘነው።

ቤት ደርሼ ፈታኋት፤ የቴስታታውን አሥራ ስምንት ቡሎን ቆጠርኩ አንድ በአንድ፣
አሥራ ስድስቱ በልመና ወጣ፤ ሁለቱ በስድብ፣ በመዶሻ፣ በግድ።
(መፍቻው የባሌ ነው፤ ጅቡቲ ሲሄድ ሣጥኑን ከነዝገቱ የተወው፤
እሱ አልሞተም፣ ደኅና ነው፤ ስልኩ ነው የሞተው።)
ጓርኒሲዮኑ ከሁለተኛው ፒስተን እስከ ሦስተኛው ጠቁሮ ከስሏል፣
ዘይትና ውሃ ሳይፈቀድላቸው ተጋብተው፣ ማኪያቶ መስሏል።

አዲሱን ከሸምሱ ሱቅ ገዛሁ፣ ሊብሬዬን አሳይቼ፣ ሳላበዛ ነገር፤
ባስቀምጠው ጠበበ፤ የሲሊንደሩን አፍ ነከሰው ጠርዙ፣
የልጅ ቀሚስ በትልቅ ሰው ገላ ላይ እንደሚወጠር።
መልሼ ወሰድኩት። ሸምሱ መነጽሩን አውልቆ በሽርጡ ጫፍ ጠረገ፤
«ወረቀት ሰው ነው የሚጽፈው አያንቱ፤ ሂጂና ብረቱን ጠይቂው»
አለኝ፤ ከዚያ ሻዩን ፈለገ።

መብራት ሄዷል።
የስልኬ ባትሪ አሥራ አራት በመቶ።
ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ፤
ኪያ፣ የእህቴ ልጅ፣ ናፍጣውን በጣሳ ያቀብለኛል።
በሽቦ ብሩሽ እፈገፍጋለሁ፤
መጀመሪያ ግሪስ፣ ከዚያ የወንጂ ጭቃ፣
ከዚያ የማላውቀው አገር ቀይ አፈር፣
ከዚያ አረንጓዴ ቀለም፣ ማን እንደቀባው እንጃ፣
ከዚያ ብረት።
ጠመኔ አሸሁበት፤ በአውራ ጣቴ ጠረግኩ፤
ነጩ በጉድጓዱ ውስጥ ቀረ፤
ፊደሉ እንደ ሕፃን ጥርስ ብቅ አለ።
«ኪያ፣ ሦስት ነው ወይስ ስምንት?»
«ሦስት ነው አክስቴ። ቀጥሎ ኤል።»

ሦስት ኤል! ማን ይሆን፣ በየትኛው ጋራዥ፣ ደጃፉን ዘግቶባት፣
የፋብሪካውን ልብ አውጥቶ፣ ሰፊ ልብ የተከለባት?
አቶ ቱፋ ሲሸጥልኝ ምሎ ነበር፤ «እጅ አልነካትም፣ እንደ ፋብሪካዋ ናት» ብሎ፤
ለሱም የማለለት አይጠፋም፤ መሐላ እኮ ይተላለፋል፣
ከመኪናው ጋር፣ ከመስታወቱ ተንጠልጥሎ።

እኔን ያናደደኝ ግን ይሄ አይደለም።
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አሥራ አምስት ኩንታል ጭኜ ዳገቱን ስወጣ፣
የነገመዳ ፒካፕ መንገድ ዳር ጭስ ሲተፋ፣ በሦስተኛ ማርሽ አልፌ ስመጣ፣
«ማርሽ አያያዝ ነው!» እያልኩ ወንዶቹን ሳስተምር፣ ሻይ ቤት ስኮራ፣
ለካስ ከእግሬ ሥር ሌላ ነበር፣ ስሙ ሳይነሣ የሚሠራ።

ደግሞስ ወረቀቱ ለማን ገጠመለት? የኔም መታወቂያ
አምስት ዓመት ቀንሶልኛል፤ ዝም አልኩ፤ ይህን ስሕተት ማን ይጠላል?
ጉልበቴ ግን፣ ከመኪናው ሥር ስነሣ፣ ትክክለኛውን ቁጥር
ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብሎ ይላል።

ኪያ ቁጥሩን የግቢው ቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ ጻፈው፣ ሦስቱን አግንኖ።
ነገ ሸምሱ ዘንድ ነኝ፤ የድሮውን ይመልስልኝ እንደሆን እንጃ።
ለቦሎው አንድ ወር ቀርቶታል፤
መርማሪው ወገቡን ያመዋል ይላሉ፤ ምናልባት ጎንበስ አይልም።
ሻይ ቤት ላሉት ወንዶች የምነግራቸውን ቁጥር
ገና አልወሰንኩም።